ኤልኤልሲ ቴራፒስትን ከምን ይጠብቃል?

አሜሪካ ውስጥ ማስተርሱን ጨርሶ፣ በሌላ ባለሙያ ቁጥጥር ሥር ዓመታት ሠርቶ፣ ፈተናውን አልፎ የቴራፒስትነት ፈቃድ በእጁ ያስገባ ኢትዮጵያዊ የራሱን ቢሮ ሊከፍት ሲነሳ፣ ከዘመድ ወዳጅ የሚሰማው ምክር «ኤልኤልሲ አውጣ»፣ ማለትም ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር አቋቁም፣ የሚል ነው። መካሪዎቹ ታክሲ የሚያሠሩ፣ ቤት የሚያሻሽጡ፣ ሬስቶራንት የከፈቱ ሰዎች ናቸው። ራሳቸው ተጠቅመውበታልና የሚመክሩት በቅንነት ነው። ነገር ግን ለሬስቶራንቱ ባለቤት ጥሩ ከለላ የሆነው ወረቀት ለቴራፒስቱ የግማሹን ያህል እንኳ ላይጠቅም ይችላል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ሕጉ የነጋዴንና የባለሙያን ኃላፊነት ለየብቻ ሲያይ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ልዩነቱ የገባው ሰው ገንዘቡን በከንቱ አያወጣም፤ በሌለ ከለላም አይዘናጋም። (ዓ.ም. ከተባለባቸው በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከንግድ ነው። በድሮው የእንግሊዝ ሕግ በሽርክና የነገደ ሰው ሲከስር የሚጠየቀው ባዋጣው ገንዘብ ልክ አልነበረም። ቤቱም፣ የቤት ዕቃውም፣ ያለው ሁሉ ለዕዳው ይውላል፤ ካልበቃም ወህኒ ሊወርድ ይችላል። ኒውዮርክ በ1811 ለፋብሪካዎች፣ የእንግሊዝ ፓርላማ ደግሞ በ1855 ለአክሲዮን ኩባንያዎች ባወጡት ሕግ፣ ገንዘብ ያዋጣ ሰው ካዋጣው በላይ እንዳይጠየቅ ፈቀዱ። ሐሳቡ ብዙ ሰው ሌላ ሰው ለሚመራው ትልቅ ሥራ ገንዘቡን ሳይፈራ እንዲያወጣ ነበር። ብቻውን በገዛ ጉልበቱ የሚሠራ ሰውስ? ሕጉ ሲወጣ ይህ ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም።

ጥያቄውን ፍርድ ቤት ያደረሰው ለንደን ኋይትቻፕል ውስጥ ቦት ጫማ የሚያመርተው አሮን ሰሎሞን ነው። በ1892 የግል ሥራውን ወደ ኩባንያ አዞረ። ሕጉ ሰባት አባላት ይጠይቅ ስለነበር ሚስቱና አምስት ልጆቹ አንድ አንድ አክሲዮን ያዙ፤ 20,001ዱ የእሱ ሆነ። በዚያ ላይ ኩባንያው ለእሱ የ10,000 ፓውንድ ዕዳ እንዳለበት የሚገልጽና በኩባንያው ንብረት የተረጋገጠ ሰነድ ተሰጠው። ብዙም ሳይቆይ ሥራው ከሰረ። ገንዘባቸውን ያጡት አበዳሪዎች ኩባንያው ማለት ሰሎሞን ራሱ ነው፣ ከኪሱ ይክፈል ብለው ተከራከሩ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤትም ይግባኝ ሰሚውም ለእነሱ አዘነበሉ። በ1897 ግን የመጨረሻው ሰሚ፣ የእንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት፣ ውሳኔውን ገለበጠው፦ በሕግ የተቋቋመ ኩባንያ ከባለቤቱ የተለየ ሰው ነው፤ ዕዳውም የራሱ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር አቋቁሞ የማኅበሩ ዕዳ ቤቴን አይነካም ሲል፣ የሚቆመው ያ ፍርድ በግልጽ ባስቀመጠው ሐሳብ ላይ ነው።

ሐኪሞች፣ ጠበቆችና መሰሎቻቸው ግን በዚህ መንገድ እንዳይሄዱ ተከለከሉ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችና የሐኪሞች ማኅበራት የያዙት አቋም፣ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለኩባንያ አይደለም የሚል ነበር። ኩባንያ ተምሮ አይፈተንም። ሐኪም ቀጥሮ ሕክምና ቢሸጥ ደግሞ ሐኪሙ ከታካሚው ይልቅ ለአለቃው ያደላል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ ባለሙያ ወይ ብቻውን ይሠራል፣ ወይ ሽርክና ይገባል፤ በሽርክናው ውስጥ ደግሞ አንዱ ባጠፋው ሁሉም ከነንብረታቸው ይጠየቃሉ።

ክልከላውን ያላላው የጡረታ ጉዳይ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። የኩባንያ ተቀጣሪ ለጡረታ በሚጠራቀምለት ገንዘብ የግብር ጥቅም ሲያገኝ፣ በሽርክና የሚሠራ ሐኪም ይህ አልነበረውም። በሞንታና ግዛት የሚዙላ ከተማ ሐኪሞች ሽርክናቸውን ትተው ኩባንያ የሚመስል ማኅበር አቋቋሙና የጡረታ ዕቅድ አወጡ። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ አልቀበልም አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1954 ሐኪሞቹ አሸነፉ። ክሱ እስከ ዛሬ ከሐኪሞቹ በአንዱ ስም የኪንትነር ጉዳይ ይባላል። አይአርኤስ በ1960 ባወጣው ደንብ መንገዱን ሊያጠብ ሲሞክር፣ ግዛቶቹ ከ1961 ጀምሮ ባለሙያዎች የሙያ ኮርፖሬሽን እንዲመሠርቱ የሚፈቅዱ ሕጎችን ተራ በተራ አወጡ። በ1969 አይአርኤስ ተሸነፍኩ ብሎ ተቀበለ።

በእነዚያ ሕጎች ውስጥ የተጻፈው ገደብ ነው ዛሬ ለቴራፒስት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው። ባለሙያው ራሱ ለፈጸመው የሙያ ጥፋት፣ በብዙ ግዛቶችም በቅርብ የሚቆጣጠረው ሰው ላጠፋው፣ ማኅበሩ አይከልለውም። ማኅበሩ የሚከልለው ከቀረው ነገር ነው፦ ከሥራ ባልደረባው ጥፋት፣ ደረጃው ላይ ተንሸራትቶ ከወደቀ እንግዳ ክስ፣ ከቢሮ ኪራይ ውዝፍ፣ ከዕቃ አቅራቢ ዕዳ። እዚህም ላይ አከራዮችና ባንኮች ለአዲስ ማኅበር የባለቤቱን የግል ዋስትና ማስፈረም ልማዳቸው ነው። በዚያ የፈረመ ሰው በአንድ እጁ የያዘውን ከለላ በሌላው መልሶ ሰጥቷል። ስለዚህ የኪራይ ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡት።

የቴራፒስት የግል ኃላፊነት እስከምን እንደሚደርስ የታራሶፍ ጉዳይ ያሳያል። በ1969 በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሕክምና ይከታተል የነበረ ተማሪ አንዲትን ወጣት ሊገድል እንደሚፈልግ ለሚያክመው ባለሙያ ተናገረ። ባለሙያው ለግቢው ፖሊስ አሳወቀ። ፖሊሶቹ ተማሪውን ለጥቂት ጊዜ ይዘው ለቀቁት። ለታቲያና ታራሶፍም ሆነ ለወላጆቿ ማንም አልነገረም፤ ተገደለች። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ቴራፒስት ታካሚው አደጋ ሊያደርስበት ያለውን ሰው ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ግዛቶች በየመልኩ ተከትለውታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ የተነገረን ቃል ሰምቶ ምን አደረግህ ተብሎ የሚጠየቀው ሰሚው ነው፤ የማኅበሩ ስም በመካከል ገብቶ አያድነውም።

አሁን ወደ ኤልኤልሲ እንምጣ። የተወለደው ከዚህ ሁሉ ርቆ፣ ከነዳጅ ፍለጋ ነው። ሃሚልተን ብራዘርስ የተባለ የነዳጅ ኩባንያ በውጭ አገር ሲሠራ በፓናማ ሕግ የሚቋቋም፣ የአባላቱን ኃላፊነት የሚወስን፣ በግብር በኩል ግን እንደ ሽርክና የሚታይ ማኅበር ለምዶ ነበር። ይህንኑ አሜሪካ ውስጥ ለማግኘት አላስካ ላይ ሞክሮ አልተሳካለትም፤ ዋዮሚንግ በ1977 ሕግ አወጣችለት። ፍሎሪዳ በ1982 ተከተለች፤ የቀሩት አይአርኤስ ምን እንደሚል ጠበቁ። በ1988 የዋዮሚንግ ኤልኤልሲ በግብር እንደ ሽርክና እንደሚታይ ሲረጋገጥ ሌሎቹ ተከታትለው ገቡበት። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ በምን መልክ እንደሚገብር ባለቤቱ ራሱ እንዲመርጥ ተፈቀደ። ብቻውን ኤልኤልሲ ያወጣ ሰው ምንም ካልመረጠ ገቢው በግል የግብር ማስታወቂያው ላይ ይሰፍራል። ኤስ ኮርፖሬሽን የሚባለውም የግብር ምርጫ ነው፤ ከክስ የሚከልለው ነገር የለውም። ሁለቱን አምታተው «ኤስ ኮርፕ ስለሆንኩ ቤቴ አይነካም» የሚሉ ሰዎች ማጋጠማቸው ያሳዝናል፤ ያንን የነገራቸው ሰው ከባድ ኃላፊነት አለበት።

ግዛቶቹ ለፈቃድ ባለሙያዎች ያወጡት ሕግ አንድ ዓይነት አይደለም። ካሊፎርኒያ ቴራፒስት በኤልኤልሲ ሙያውን እንዲሠራ አትፈቅድም። ማኅበር ከፈለገ ከ1968 ጀምሮ ባለው ሕግ የሙያ ኮርፖሬሽን ማቋቋም አለበት፤ ዝቅተኛው ዓመታዊ የግዛት ግብርም 800 ዶላር ነው። ኒውዮርክ ፕሮፌሽናል ኤልኤልሲ ትፈቅዳለች፤ ግን መሥራቾቹ ስማቸውንና የመኖሪያ አድራሻቸውን በማቋቋሚያ ሰነዱ ላይ እንዲያሰፍሩ ትጠይቃለች፤ ከተቋቋመ በኋላም በ120 ቀን ውስጥ በሁለት ጋዜጦች ላይ ለስድስት ተከታታይ ሳምንታት ማስታወቂያ ይወጣል። ከታካሚዎቹ ቤቱን ሊሰውር ብሎ ማኅበር ያቋቋመ ሰው በዚያው ሰነድ አድራሻውን ለሕዝብ መዝገብ ይሰጣል ማለት ነው። በሌሎች ግዛቶች ደግሞ ተራው ኤልኤልሲ ይበቃል። ስለዚህ ከዳላስ የመጣ ምክር ለኒውዮርክ ነዋሪ አይሆንም።

ንብረትን ስለማሸሽ የሚነገረው ምክር ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ፒርስ የተባለ ሰው ለትዋይን 400፣ ለሌላ ሰው 200 ፓውንድ ዕዳ ነበረበት። ባለ 200ው ሲከሰው ፒርስ ያለውን ሁሉ በምሥጢር ለትዋይን አስተላለፈ። ከዚያ በኋላ ግን በጎቹን ያው እንደ ድሮው ራሱ ሸለታቸው፣ በራሱ ምልክት አተማቸው፣ አንዳንዱንም ሸጠ። በ1571 የወጣ ሕግ ገንዘብ ጠያቂን ለማሰናከል የተደረገ ማስተላለፍን ይሽር ነበርና፣ ፍርድ ቤቱ በ1601 የበጎቹን ምልክት አይቶ የስም ለውጥ እንጂ የባለቤት ለውጥ የለም አለ። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ ያሉት ሕጎች ከዚያው የወረዱ ናቸው። የሚያስፈራ ታካሚ ወይም የክስ ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ቤትን በወንድም ስም ማዞር፣ አዲስ ማኅበር አቋቁሞ ገንዘብ ማሻገር፣ ዳኛው ፊት የፒርስን በጎች ያስታውሳል። መከለያ የሚሠራው ነገር ሳይመጣ ነው።

ጊዜው ትክክል ሆኖም አያያዙ ሊያፈርሰው ይችላል። የታካሚ ክፍያ ወደ ግል ሒሳብ ከገባ፣ የማኅበሩ ካርድ የቤት አስቤዛ ከከፈለ፣ ዓመታዊ ምዝገባው ካልታደሰ፣ ከሳሽ ማኅበሩና ሰውየው አንድ ናቸው ለማለት ማስረጃ ያገኛል። ከዚህ ሌላ አንድ አባል ብቻ ያለው ማኅበር የራሱ ድክመት አለው። የ1890ው የእንግሊዝ ሕግ ለአንድ ሸሪክ የግል ዕዳ ብሎ የሽርክናውን ንብረት መያዝን ከለከለ፤ ገንዘብ ጠያቂው የሸሪኩን የትርፍ ድርሻ ብቻ ይጠብቅ አለ። ምክንያቱ ያልበደሉትን ሌሎች ሸሪኮች ማዳን ነበር። ኤልኤልሲም ይህን ጥበቃ ወረሰ። ብቻውን ባለ ሰው ዘንድ ግን የሚድን ሌላ ሸሪክ የለም። የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ገንዘብ ጠያቂዎች የብቸኛውን አባል ድርሻ በሙሉ እንዲወስዱ ፈቅዷል፤ ሌሎች ግዛቶች በተለየ መንገድ ይሄዳሉ። አብዛኛው የግል ቢሮ የከፈተ ቴራፒስት ደግሞ ብቸኛ አባል ነው።

ታዲያ ቤቱን የሚያድነው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚቀድመው የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ነው። የተለመደው ጣሪያ ለአንድ ክስ 1 ሚሊዮን፣ ለዓመቱ 3 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ጠበቃም ያቆማል። ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው፣ ከለላው ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ ላይ የተመሠረተ ነው ወይስ ክሱ በቀረበበት? የኋለኛው ከሆነ ሥራ ስታቆሙ ተጨማሪ ሽፋን ካልገዛችሁ ክፍተት ይኖራል። ሁለተኛው፣ ለፈቃድ ሰጪው ቦርድ አቤቱታ ቢቀርብ የጠበቃ ወጪ ይሸፍናል ወይ? ቦርድ የሚጠይቀው ፈቃዱን የያዘውን ሰው ነው፤ ፈቃድ ከሄደ መተዳደሪያው ሁሉ ሄዷል፤ የትኛውም የማኅበር ዓይነት በዚያ ጉዳይ አይገባም። ማኅበሩ ከኢንሹራንሱ በኋላ የሚመጣ ሁለተኛ ሽፋን ነው። ሠራተኛ የቀጠረ፣ ሌሎች ቴራፒስቶችን በሥሩ ያሰባሰበ፣ ትልቅ ቢሮ የተከራየ ሰው ግን ያለ እሱ ባይሠራ እመክራለሁ።

የግል መረጃን መሰወር ሌላው የሚነገርለት ጥቅም ነው። ዋዮሚንግ፣ ዴላዌርና ኒው ሜክሲኮ የኤልኤልሲ ባለቤቶችን ስም በሕዝብ መዝገብ ላይ አይጠይቁም፤ ይህን የሚያሻሽጡ ብዙዎች ናቸው። ለቴራፒስት ግን ስሙ የሚደበቅ ነገር አይደለም። የፈቃድ ቦርዱ ድረ ገጽ ላይ ማንም ፈልጎ ያገኘዋል። ማግኘትም አለበት፤ ታካሚ ሚስጥሩን የሚሰጠው ሰው ፈቃድ እንዳለው የማወቅ መብት አለውና። የዋዮሚንግ ማኅበር በሌላ ግዛት ቢሮ ሲከፍትም በዚያ ግዛት መመዝገብ ይኖርበታል፤ ሁለት ክፍያ ማለት ነው። በ2021 የወጣው የኮርፖሬት ግልጽነት ሕግ ማኅበራት እውነተኛ ባለቤታቸውን ለፌዴራል መንግሥት እንዲያሳውቁ በ2024 ማስገደድ ጀምሮ ነበር፤ በመጋቢት 2025 በወጣ ደንብ ግን አሜሪካ ውስጥ የተቋቋሙት ከግዴታው ወጥተዋል።

ሊሰወር የሚችለውና የሚገባው የቤት አድራሻ፣ የግል ስልክና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ወረቀት በወረቀት መሄድ ያስፈልጋል። ኢንሹራንስ የሚያስከፍል ባለሙያ ሁሉ ኤንፒአይ የሚባል መለያ ቁጥር ያወጣል። ቅጹ ላይ የሞላው የፖስታና የሥራ አድራሻ፣ ስልኩም ጭምር፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ይወጣል። ገና ቢሮ ሳይኖረው፣ በተለማማጅነት ዘመኑ የቤቱን አድራሻ የሞላ ባለሙያ ብዙ ነው። መረጃ ነጋዴዎች መዝገቡን ገልብጠው ይሸጡታል፤ በኋላ ቢታረምም የድሮው በየድረ ገጹ ይቀራል። ሁለተኛው ወረቀት ሱፐርቢል ነው። ታካሚው ከኢንሹራንሱ ገንዘቡን ለማስመለስ የሚወስደው ይህ ደረሰኝ የቴራፒስቱን የግብር ቁጥር ይይዛል። ኢአይኤን የሚባለውን የሥራ ግብር ቁጥር ያላወጣ ሰው እዚያ ላይ የሚጽፈው ሶሻል ሴኩሪቲውን ነው፤ በየሳምንቱ ለማያውቃቸው ሰዎች ያድለዋል። ኢአይኤን ደግሞ ከአይአርኤስ በነፃ ይገኛል፤ ለማውጣትም ማኅበር መኖር አያስፈልግም። በስልክና በቪዲዮ ከቤቱ የሚሠራ ባለሙያ የሥራ ፖስታ አድራሻ ቢከራይ፣ ማኅበርም ካቋቋመ የማኅበሩን ሕጋዊ ደብዳቤ የሚቀበል ሬጅስተርድ ኤጀንት ቢቀጥር፣ ከዋዮሚንግ ምዝገባ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ስለ ባለሙያው ይህን ያህል ካልን፣ የታካሚውም ምሥጢር ከማኅበሩ ቅርጽ ውጭ መሆኑ መነገር አለበት። በመስከረም 1971 የፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤተ መንግሥት ሰዎች፣ የቬትናም ጦርነት ምሥጢራዊ ሰነዶችን ለጋዜጦች የሰጠውን የዳንኤል ኤልስበርግን ፋይል ፍለጋ ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪሙን የሊዊስ ፊልዲንግን ቢሮ ሰብረው ገቡ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 ጃፊ በሬድመንድ በተባለው ጉዳይ፣ አንዲት ፖሊስ ፈቃድ ካላት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ጋር ያደረገችው የሕክምና ውይይት በፌዴራል ፍርድ ቤት ተገድዶ እንዳይወጣ ከለከለ። በጥቅምት 2020 ደግሞ ፊንላንድ ውስጥ ቫስታሞ የተባለ የሥነ ልቦና ሕክምና ኩባንያ የታካሚዎች መዝገብ መሰረቁ ታወቀ። ሌባው በመጀመሪያ ኩባንያውን፣ ቀጥሎም ታካሚዎቹን አንድ በአንድ ገንዘብ ካልከፈላችሁ ምሥጢራችሁን አወጣለሁ አላቸው። የተነኩት ወደ 33,000 ሰዎች ነበሩ። ኩባንያው በ2021 ከሰረ፤ ሰርጎ ገቡም በ2024 ስድስት ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደበት። ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ መሆኑ ለአንዱም ታካሚ አልጠቀመም። ለመዝገብ ማስቀመጫው የሚወጣ ገንዘብ ለማኅበር ምዝገባ ከሚወጣው ማነስ የለበትም።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ የ1960ው የንግድ ሕግ (በእኛ 1952) ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት አባላት እንዲኖሩት ይጠይቅ ስለነበር፣ እንደ ሰሎሞን ቤተሰብ ሚስት ወይም ወንድም ለስም ያህል ይገባ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 የአንድ ሰው ማኅበርን ፈቀደ፤ ለባለሙያዎችም ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበርን አመጣ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. በቁጥር 1321 ወጥቷል። አዲስ አበባ ውስጥ የምክር አገልግሎት የሚከፍቱ ባለሙያዎች ይህን ጥያቄ ከእንግዲህ በራሳቸው ሕግ ይጠይቁታል።

በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሚኒያፖሊስም ሆነ በሲያትል በአማርኛ የሚያክም ባለሙያ የሚያጋጥመው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ታካሚው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ያየዋል፣ ልጆቹን ያውቃል፣ ቤቱን ለማወቅ ሁለት ሰው መጠየቅ ይበቃዋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ቢሮ የከፈታችሁ ባለሙያዎች ሆይ፦ ከእናንተ በኋላ የሚመጡት ተለማማጆች የኤንፒአይ ቅጹን ከመሙላታቸው በፊት አግኟቸው። የቤታቸውን አድራሻ እንዳይጽፉ፣ ኢአይኤን እንዲያወጡ፣ የኢንሹራንስ ውላቸውን እንዲያነቡ ንገሯቸው። ማኅበር ማቋቋሙን ደግሞ የግዛታቸውን የሙያ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃና ሒሳብ አዋቂ አማክረው ይወስኑ፤ የአንድ ሰዓት የምክር ክፍያ በኋላ ከሚመጣው ይሻላል።